የልጄን አኮርዲዮን ላስወግድልዎ ላሉኝ የካርድ ኃላፊ

ለክቡር የክሬዲት ካርድ ደንበኞች ጥቅማ ጥቅም ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንደሚያገኛችሁ፣ ቢሮዎም ሞቆ እንደሚቆይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ኤልም ፎርክ ያለን ሰዎች ደህና ነን። ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ፤ ሐይቁም ከወትሮው ቀደም ብሎ በረዶ ሆነ፤ ወንዶቹ በላዩ ላይ ጎጆአቸውን ተክለው፣ በረዶውን በስተው ዓሣ እየጠበቁ ነው። ስምዎን ጠርቼ ሰላምታ ባለማቅረቤ ግን ይቅርታዎን እለምናለሁ። ስልክ ያነሱልኝን ሠራተኞች ሁሉ "አለቃችሁ ማን ይባላሉ?" ብዬ ጠይቄ ነበር፤ የግል መረጃ ስለሆነ መናገር አይፈቀድልንም አሉኝ። እርስዎ በበኩልዎ የእኔን ስም፣ ከማግባቴ በፊት እጠራበት የነበረውን የቤተሰብ ስም፣ የልጄን የልደት ቀንና የመጀመሪያው ውሻችን ምን ይባል እንደነበር ያውቃሉ። ይህን ያህል በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የአንዱ ስም ቢጎድል ትልቅ ነገር አይደለም።

ጉዳዬን በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት እርስዎን ሰው ፊት ለማሳጣት አይደለም። በፖስታ ጽፌልዎት ነበር፤ ደጋግሜም ጽፌያለሁ። ሁልጊዜ የሚመጣልኝ መልስ "ውድ ዌንደል፣ ስለጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን" የሚል ነው። ዌንደል ልጄ ነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ቀብረነዋል። የጋዜጣችን አዘጋጅ ቢያንስ ስሜን አስተካክላ ስለምታትም፣ በእርሷ በኩል ብጽፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ዌንደል ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ልቡም እዚያው፣ የአንዱን አውቶቡስ ሞተር ከፍቶ እያየ ሳለ ቆመች። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የእርስዎን ክፍል የሚመለከት አይደለምና።

የእርስዎን ክፍል የሚመለከተው፣ ልጄ ካርዳችሁን ከልቡ ይወደው የነበረ መሆኑ ነው። ከካርዱ ጋር የምትልኩትን፣ በደቃቅ ፊደል የታተመውን ትንሽ መጽሐፍ በዚህ አገር ያነበበ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ሰው ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲጠብቅ፣ እሱ ማዕድ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሱቆችን የቅናሽ ማስታወቂያ ይጠብቅ ነበር። በካርዱ የተገዛ ዕቃ በሁለት ወር ውስጥ ዋጋው ከወረደ ልዩነቱን እንደምትመልሱ፣ በሦስት ወር ውስጥ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ደግሞ እንደምታስጠግኑ ወይም እንደምትተኩ ያስረዳኝ እሱ ነው። "እማ፣ ሕጋዊ ነው እኮ፤ ግን ስርቆት ስርቆት ይላል" ይለኝ ነበር እየሳቀ። አንድ ጊዜ ዳቦ መጥበሻ ገዝቶ ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ስለወረደ ማስታወቂያውን ቆርጦ ላከላችሁ።

"ቴምብሩ እኮ ከሚመለስልህ ይበልጣል" አልኩት።

"እማ ደግሞ፣ እኔ መቼ ለሳንቲሙ አልኩሽ? ቼኩን ሲፈርሙ ፊታቸው ሲኮማተር እየታየኝ ነው ደስ የሚለኝ" አለኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ከማያውቁት ከተማ አንድ ሰው ለዓመታት ፊትዎን በዓይነ ኅሊናው እያየ ይደሰት እንደነበር ቢያውቁ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው።

ሴፕቴምበር ላይ ለልደቴ ቀይ አኮርዲዮን ገዛልኝ። አባቱ በሕይወት ሳለ በየሠርጉ ይጫወት ነበር፤ የእሱን ግን በከፋ ዘመን ሸጠነዋል። እኔ በሕይወቴ የመኪና ጥሩምባ እንጂ ሌላ የሙዚቃ መሣሪያ ነክቼ አላውቅም። ዌንደልም አያውቅበትም። እሁድ እሁድ እየመጣ በስልኩ ላይ የሚያስተምር ሰው እያየ፣ ከእኔ በአንድ መስመር ብቻ ቀድሞ ያስተምረኝ ነበር። ቁልፎቹን እንዳላምታታ ነጭ ፕላስተር በትንንሹ እየቆረጠ በእያንዳንዱ ላይ ለጠፈና የድምፁን ፊደል ጻፈበት። የመካኒክ እጅ መቼም ሙልጭ ብሎ አይጠራም፤ ከእያንዳንዱ ፊደል ጎን የአውራ ጣቱ የዘይት አሻራ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። ወር ሳይሞላ የአኮርዲዮኑ ዋጋ ወረደ፤ ማስታወቂያውን ላከ፤ እናንተም ልዩነቱን ሳታጓድሉ መለሳችሁ። ስለዚህ ያለ አንዳች አሽሙር አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ምስጋና ይህ ብቻ ስለሆነ እባክዎ ቀስ ብለው ያጣጥሙት።

አኮርዲዮኑ እንዴት እንደተሰበረ በቅጻችሁ ላይ "የአደጋው ሁኔታ" በሚለው ቦታ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ የሰጣችሁኝ መስመር ግን አንዲት ብቻ ስለሆነች እዚህ ልጨርሰው። ከቀብሩ በኋላ እንደ ደንባችን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ነበር። የማውቃትን አንዲት መዝሙር ልጫወትለት አስቤ አኮርዲዮኑን ይዤ ሄድኩ። ሕዝቡን ሳይ ወኔዬ ከዳኝ፤ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ሰዉም ወንበር ላይ ዕቃ ካየ ካፖርቱን እንደሚቆልልበት ያውቃሉ፤ ቆለለበት። ፓስተር ሊንድግሬን ምግቡን መባረክ ሲጀምሩ ወንድሜ ኦርቪል፣ ሰውነቱ ከበድ የሚል ሰው ነው፣ ቆሞ ላለመታየት ብሎ ካፖርቶቹ ላይ ተቀመጠ።

ድምፁን በጽሑፍ ላስረዳዎ አልችልም። ምጥ የያዛት ላም ሰምተው የሚያውቁ ከሆነ፣ መነሻው እሱ ነው። ኦርቪል ደግሞ ጨዋ ስለሆነ ጸሎቱ እስኪያልቅ አልነሳም አለ፤ እሱ በተነፈሰ ቁጥር አኮርዲዮኑም ከሥሩ ይተነፍሳል። ፓስተሩ "አሜን" ሲሉ አኮርዲዮኑም በራሱ ቋንቋ "አሜን" አለ። ያን ጊዜ እኔ ሳቅኩ። ልጄ ከሞተ ጀምሮ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ማቆምም አቃተኝ። ድስት የያዙት ሴቶች አንድ ነገር የሆንኩ መስሏቸው ከበቡኝ።

ኦርቪል እንባውን እየጠረገ መጣ። "ቨርና፣ እኔ እኮ ልቀመጥ አላሰብኩም፤ ይሄ ልጅሽ ነው የገፋኝ" አለኝ።

"ይሆናል፤ ሦስት ወሩ ሳያልፍ ብሎ ነው" አልኩት።

ወናፉ ተቀዶ፣ ከቁልፎቹም ገሚሶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ቀርተው ነበር። ኦርቪል ከኪሴ ላስጠግን አለ፤ እኔ ግን ዌንደል በነጻ የሚሠራ ነገር በገንዘብ መሠራቱን ቢሰማ እንደማይምረን ስለማውቅ ወደ እናንተ ደወልኩ። ቅሬታዎቼ ከዚህ ይጀምራሉ፤ ለክቡርነትዎ እንዲቀልልዎ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

1ኛ. መጀመሪያ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ ወደር አልነበረውም። "ዌንደልን ማነጋገር እችላለሁ?" አለችኝ።

"ስልክ ላይ መምጣት አይችልም" አልኳት። በእኛ ከተማ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ጊዜ አፍርጦ መናገር አልተለመደም።

"መቼ ብንደውል ይገኛል?"

"እኔም ይሄንኑ ነው ራሴን የምጠይቀው፣ ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ነገሩን ነገርኳት። እጅግ አዝናለሁ አለችና፣ ለደህንነት ሲባል የካርዱ ባለቤት እናት ከማግባታቸው በፊት የነበራቸውን የቤተሰብ ስም እንድነግራት ጠየቀችኝ።

"ቶለፍስሩድ" አልኳት። "እናትየውም እኔ ነኝ።"

"ልክ ነው፣ እመቤቴ። ግን መናገር ያለበት እሱ ራሱ ነው።"

ስሜን ከእኔ ከራሴ ስለጠበቃችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2ኛ. የሞት ምስክር ወረቀቱን ልኬ ከቆየሁ በኋላ ኮልተን የሚባል ወጣት ደወለልኝ። ድምፁ ገና የጎረመሰ ነው። "እንግዲህ የጉዳት ጥያቄውን ልክፈትልዎ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ አስተዳደጋችን ጥቂት ልበል፤ እርስዎ የት እንዳደጉ ስለማላውቅ። ኤልም ፎርክ ውስጥ ለእንግዳ ኬክ ሲቀርብ እንግዳው "አይ፣ አትቸገሩ" ይላል። ሲደገምለት "አሁን ነው በልቼ የመጣሁት" ይላል። ሲሠለስለት "እንግዲያው ትንሽ ብቻ" ይልና ሁለት ቁራጭ ይበላል። ገና ሲጠየቅ "እሺ" የሚል ሰው ካለ እሱን አንናገረውም፤ ያሳደገችውን እናት ግን ለብዙ ዓመት እናማታለን። ስለዚህ ኮልተን ሲጠይቀኝ፣ ማንም በወጉ ያደገ ሰው እንደሚለው፣ "አይ፣ ለእናንተ ሥራ ማብዛት አልፈልግም" አልኩት።

ኮልተንም "እሺ፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ!" ብሎ ዘጋ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ። መስመሩ ተበላሽቶ እንጂ ገና አንዴ ጠይቆኝ አይተወኝም ብዬ ነው። ከዚያ "በደንበኛው ፍላጎት ጥያቄው ተሰርዟል" የሚል ወረቀት መጣ፤ እንደገና ለማስከፈትም አዲስ የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል ይላል። የፊተኛው ቆይቷል መሰለኝ። ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ልጄ አሁንም እንደሞተ አረጋግጬ ላክሁላችሁ። ኮልተንን አልተቀየምኩትም፤ ለእናቱ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

3ኛ. በመጨረሻ የደወለችልኝ ዳርላ የምትባል ደግ ሴት ነበረች። እኔም ተምሬ ስለነበር ገና ሳትጨርስ "እሺ" አልኳት፤ ማንም ሳያየኝ ማዕድ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን በኀፍረት ፊቴ ቀላ። ዳርላ ጥያቄዬ መጽደቁን፣ "ተመሳሳይ ዓይነትና ጥራት ያለው" አዲስ አኮርዲዮን እንደሚላክልኝ አበሰረችኝ። ከዚያ "የተሰበረውን ለእኛ ለማስረከብ ይስማማሉ?" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቴ ይህ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ስጦታ ይዞ ሲመጣ ባዶ እጁን አይሸኝም። "ይሄን ውሰዱ፣ ያንን ያዙ" ይባላል፤ ተሸኚውም "ኧረ በፍጹም!" ይላል፤ በር ላይ እንዲህ ስንባባል ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፤ ማንም ምንም አይወስድም። ስለዚህ ዳርላን "ከፈለጋችሁማ ውሰዱት፣ ምን ገዶኝ" አልኳት። "ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ ዘንድ ይሁን" እስክትለኝ ጠበቅኩ።

"አመሰግናለሁ፣ መዝግቤዋለሁ" አለችኝ።

በማግስቱ ደውዬ ነገሩ ወግ ለማድረስ ያልኩት እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሌላ ሠራተኛ የተቀዳውን ንግግር መልሶ አሰማኝ። የልጄን አኮርዲዮን አሳልፌ ስሰጥ በጆሮዬ ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ድምፄ ደስተኛ ይመስላል።

4ኛ. አዲሱ አኮርዲዮን መጣ። በምንም አላማውም፤ ያብረቀርቃል፤ ሲከፍቱት አያቃስትም። ቀይ ሳይሆን ጥቁር ነው። ቁልፎቹ ንጹሕ ነጭ ናቸው፤ አንድም ፊደል የለባቸውም። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጣቴን ከየት እንደምጀምር ፈለግኩ፤ አጣሁት። ሳጥኑ ውስጥ መልሼ አሽጌ ለዳርላ ደወልኩላት፤ አዲሱን ውሰዱልኝ፣ የተሰበረውን ተዉልኝ ብዬ ለመንኳት።

"ግን እሜቴ፣ የተሰበረ ነገር ምን ይሠራልዎታል?" አለችኝ፤ በክፋት አልነበረም።

"ለእናንተስ?" አልኳት።

"እኛማ እናስወግደዋለን።"

ቀጥላም የተሰበረው ካልተመለሰ የአዲሱ ዋጋ በዌንደል ሒሳብ ላይ እንደሚታሰብ፣ ይህም ለወደፊቱ የመበደር ዕድሉን ሊጎዳው እንደሚችል አስጠነቀቀችኝ። ስለ ልጄ የወደፊት ሁኔታ የሚጨነቅ ሌላ ሰው በመኖሩ አንጀቴ ርሶ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ የላካችሁት የጭነት መኪና ደጄ ቆመ። ሾፌሩ ሮሊ የሚባል የጎረቤት አውራጃ ሰው ነው። ሳጥኑን በረንዳው ላይ አዘጋጅቼ ነበር።

ሮሊ ሳጥኑን ነቅነቅ አደረገው። "ይሄ ነው የተሰበረው?" አለኝ።

"አይደለም። ይሄ ደህናው ነው።"

"ወረቀቴ የተሰበረ ነው የሚለው።"

"ወረቀትህ የሚለውን ይበል። አንተ እንደሆንክ ሳጥን ነው የምትጭነው።"

ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ቀዩን አኮርዲዮን አየ። "እኔ የመጣሁት ለአንድ ሳጥን ነው፤ አንድ ሳጥን ወሰድኩ" ብሎ ፈረመልኝና ጫነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ መጋዘንዎ ውስጥ "የተሰበረ" ተብሎ የተመዘገበ፣ ምንም ያልሆነ፣ የሚያምር ጥቁር አኮርዲዮን ይገኛል። ሳይወገድ ቶሎ እንዲደርሱበት በትሕትና እመክርዎታለሁ። እኔ ዘንድ ያለውን ደግሞ ጎረቤቴ አርዲስ ወናፉን ለድንኳን በሚያገለግል ጨርቅ ጣፈችልኝ፤ ከቁልፎቹ የተወሰኑት አሁንም ዝም እንዳሉ ናቸው። መዝሙሯን ስጫወት ዝም ያሉት ዘንድ ስደርስ በአፌ እየሞላሁ አልፋለሁ። ኦርቪል ሲሰማው እንደገና ብቀመጥበት ይሻላል አለ።

ውሰዱት ማለቴን አልክድም፤ ተቀድቷል። ያ ግን ወግ ነበር። መልሴ ይኸውና፦ አልሰጥም። ፕላስተሮቹን ልጬ አስቀርቼ ዕቃውን ልልክላችሁ አስቤ ነበር፤ የመጀመሪያውን በጥፍሬ ጫፍ ስነካው አሻራው አብሮ መላጥ ጀመረ። ተውኩት። ከዚህ በኋላ ብትከሱኝ፣ ሒሳብ ላይ ብትጽፉ፣ ደግማችሁ መኪና ብትልኩ ሮሊን አስገብቼ አበላዋለሁ፤ አኮርዲዮኑን ግን አይጭነውም።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ስላነበቡልኝ፣ ለሁለት የሞት ምስክር ወረቀት በቂ ግምት ስለሰጡ፣ አንዲትን አሮጊት ገና ስትጠየቅ "እሺ" ማለትንም "አልሰጥም" ማለትንም በአንድ ክረምት ስላስተማሩ፣ ሥራዎ እንዲቃናልዎ፣ ሠራተኞችዎም ከእርስዎ ጋር ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ለዘወትር አክብሮቴ ማረጋገጫ በእጄ ፈርሜያለሁ።

ታዛዥዎ ለመሆን ብዙ የሞከረችው፣
ቨርና ሃልቮርሰን
የዌንደል እናት
ኤልም ፎርክ፣ ሚኒሶታ

ማስታወሻ፦ ከሐዘን መግለጫችሁ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ በስሜ የላካችሁልኝ አዲስ ካርድ ደርሶኛል። ባለፈው ሳምንት የዌንደልን የመቃብር ድንጋይ በእሱ ከፈልኩ። ትንሹን መጽሐፋችሁን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ዋስትና የማትሰጧቸው እንስሳት፣ ተክሎች፣ ጥሬ ገንዘብና ጥንታዊ ዕቃዎች ናቸው፤ የመቃብር ድንጋይ የለበትም። ድንጋዩ የሚተከለው ጸደይ ላይ መሬቱ ሲለሰልስ ነው፤ የመካነ መቃብሩን ሣር በትራክተር የሚያጭደው ደግሞ ኦርቪል ነው። ስለዚህ ከወዲሁ እንዲያሳውቁኝ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድንጋዩ ከተሰበረ ለእናንተ የማስረክበው ድንጋዩን ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ያለውንም?